የቅዳሜ ድርሻ

ጋሽ ጀምበሬ የመጨረሻዋን ቅሪት በቆርቆሮ ኩባያ እየቀዳ ለሦስት ሲያካፍል፣ ሁለቱ ድርሻ ለማንም እንደማይጠቅም በልቡ ጠርጥሮ ነበር? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንዳነሳሁትና እንደጣልኩት አላውቅም። አብሮት የነበረው ዘበኛ ከቢር «ወላሂ አያውቅም ነበር» ይላል። ሚስቱ እትዬ ምንዳዬ ደግሞ «እሱ ሰው እያወቀም ያደርገዋል» ትላለች። ሁለቱም ይወዱታል፤ ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው። እኔ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ ከእነሱ ጋር አንድ ግድግዳ የሚለየኝ ጎረቤት ነኝ። ከሁለቱ የሰማሁትንና እሱ ራሱ የነገረኝን ጥቂት ነገር ይዤ ነው የምጽፈው።

ጋሽ ጀምበሬ ካርቱም የገባው ሥራ ፍለጋ አይደለም። የደምቢያ ልጅ ነው። በሰማንያ ስድስት ዓ.ም. ከጓደኞቹ ጋር ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ገዳሪፍ ተሻገረ። አጨዳው ሳያልቅ ትኩሳት ያዘው፤ ሆዱ አበጠ፣ እግሩ ሰለለ። ካላዛር ነው አሉት። ከካርቱም መጥተው በድንኳን ውስጥ የሚያክሙ ተመራማሪዎች ሠላሳ ቀን መርፌ ወጉት። ሕክምናውን ከመጀመራቸው በፊት ከዳሌ አጥንቱ ጥቂት መቅኔ ቀድተው ጣት በምታህል ብልቃጥ ከተቱና አርባ አንድ የሚል ቁጥር ጻፉባት። ከዚያ ነጭ ጭስ በሚተፋ ትልቅ የብረት ማሰሮ ውስጥ አወረዷት።

«ምን ልታደርጉት ነው?» አላቸው።

«በሽታህን እናስረዋለን» አለችው አንዲት ወጣት ተማሪ፤ ኢሕላስ ትባላለች። «ቀዝቅዞ ይተኛል እንጂ አይሞትም። ከሃያ ዓመት በኋላም ቀስቅሰን እንጠይቀዋለን።»

ተመራማሪዎቹ ሲመለሱ ማሰሮው በጭነት መኪናው ላይ አልቆም አለ። ቢወድቅ ፈሳሹ ይፈሳል፤ ብልቃጦቹ ይሞቃሉ፤ የአንድ ዓመት ልፋት ይጠፋል። በጉልበቱ መካከል አቅፎ የሚይዝ ሰው ተፈለገ። ገና አጥንቱ የሚታየው ጀምበሬ «እኔ ልያዘው፤ እኔም እኮ ውስጡ ነኝ» አለ። ከገዳሪፍ እስከ ካርቱም ማሰሮውን አቅፎ መጣ። በማግሥቱ «ሂድ» ያለው የለም። እሱም አልሄደም።

ሥራው ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጦርነቱ ድረስ አንድ ነበር፤ ያን ቀዝቃዛ ፈሳሽ መቅዳት። የምርምር ማዕከሉ በሶባ በኩል ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ነው። ሦስት ቡድኖች ይሠሩበታል። ላይኛው ፎቅ የሕይወት ሳይንስ ነው፤ የካላዛርን ተሐዋስያን የሚያጠኑት እነ ዶክተር ኢሕላስ እዚያ ናቸው። መካከለኛው የቁሳቁስ ሳይንስ ነው፤ ዶክተር ዛኪር የሚባል ዝምተኛ ሰው ከናይል ጭቃ የውኃ ማጣሪያ ገንቦ ይሠራል፤ የገንቦውን ረቂቅ ቀዳዳም ይለካል። ታች የፊዚክስ ቡድን ነው፤ ዶክተር ረሺድ በአፈርና በምግብ ውስጥ ያለ ጨረር የሚለካ አንድ መሣሪያ አለው፤ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል። ሦስቱ ቡድኖች ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ሰላምታ እንኳ የሚቆጣጠቡ ነበሩ። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈሳሽ ናይትሮጅን። ለብልቃጦቹ ማሰሮ፣ ለገንቦ መለኪያውና ለጨረር መሣሪያው ሁሉ ያው ፈሳሽ ያስፈልጋል።

ፈሳሹ ከአየር ነው የሚሠራው። ከበረዶ ይልቅ እጅግ የከፋ ብርድ ነው፤ ጣት ከነካ እንደ እሳት ያቃጥላል። መሬት ላይ ሲፈስ እየተንከባለለ ይጠፋል። ክዳን ቢኖረውም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይተናል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ መጨመር አለበት። ግቢው ጓሮ ባለ ክፍል ውስጥ አንድ ማምረቻና አንድ ትልቅ ታንከር አለ። የዚያ ክፍል ቁልፍ በጋሽ ጀምበሬ አንገት ላይ ከማተቡ ጋር ተንጠልጥሎ ነው የኖረው።

መለኪያው ዘንግ ነበር። ራሱ የጠረበው፣ በቢላ ምልክት የቆረጠበት የእንጨት ዘንግ። በማሰሮው አንገት ያወርደዋል፣ እስከ ሃያ ይቆጥራል፣ ያወጣውና በአየር ላይ ያወዛውዘዋል። ፈሳሹ እስከነካው ድረስ ዘንጉ አመዳይ ይለብሳል። በበጋ የካርቱም አየር ደረቅ ስለሆነ አመዳዩ ቶሎ አይታይም፤ ያን ጊዜ አፉን አስጠግቶ ይተነፍስበታል፣ ነጩ ብቅ ይላል። «ዘንጉ ሳይናገር አልተኛም» የሚላት ቃል ነበረችው። እትዬ ምንዳዬ በዚህች ቃል ስትስቅበት ኖራለች። «እኔ የተጋባሁት ከሰው መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ዘንግ ኖሯል የሚያስተኛው» ትል ነበር።

ድርሻው እንዴት ለሦስት እኩል እንደሆነ መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

በሁለት ሺህ ሦስት ዓ.ም. ማምረቻው ተበላሽቶ አንድ ወር ቆመ። ታንከር ውስጥ ያለው ብቻ ቀረ። ቡድኖቹ ተናነቁ። ዶክተር ረሺድ በስብሰባ መካከል ተነሥቶ «ይህ ሐበሺ የእነ ኢሕላስ በሽተኛ ነበር። ለእነሱ አብልጦ ይቀዳል» አለ። ጋሽ ጀምበሬ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። አብልጦ ቀድቶ አያውቅም ነበር። ማን ይስማው? የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን፣ «እስኪጣራ» ብለው ሁለት ወር ያዙበት። በእነዚያ ሁለት ወራት ፖሊስ እንዳይዘው ፈርቶ ከሶባ ሳጃና በከተማው አውቶቡስ፣ በሐፍላ፣ አልተሳፈረም፤ ማዕከሉ ውስጥ አደረ። በመጨረሻ አስተዳዳሪው አንድ ወረቀት አጻፈ። ለሦስት እኩል። በየሳምንቱ አንድ አንድ መቅጃ። ቅዳሜ፣ ማንም በሌለበት። ጋሽ ጀምበሬ ፊርማ ስለማይችል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አሳረፈ።

ከዚያ ወዲህ ከዚህ ደንብ አንዲት ጠብታ አልወጣም። አንድ ጊዜ ዶክተር ኢሕላስ የዒድ በዓል ሲደርስ ግማሽ መቅጃ እንዲጨምርላት ለመነችው።

«ዶክቶራ፣ አልችልም» አላት።

«ያ ዓም ጀምበሬ፣ አጎቴ፣ አንተም እኮ ውስጡ ነህ!»

«ለዚህ ነው የማልችለው።»

ሴትዮዋ ሳቀች ይባላል። ከዚያ በኋላ ግን ምንም ጠይቃው አታውቅም።

ጦርነቱ የጀመረው ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓ.ም.፣ ሚያዝያ ሰባት ቀን፣ ቅዳሜ ነው። ለእኛ ቀዳም ስዑር፣ ለሱዳኖቹ የረመዳን መጨረሻ። ጋሽ ጀምበሬ ለፋሲካ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ብሎ በጧት ወጣ። እትዬ ምንዳዬ ዶሮ ገዝታ እግሯን አስራ ግቢያችን ውስጥ አስቀምጣ ነበር። «እስከ ስድስት ሰዓት እመለሳለሁ፤ መጥቼ አርዳለሁ» አላት።

ሦስቱን መቅጃዎች ቀድቶ፣ አከፋፍሎ፣ ታንከሩን በዘንግ ለካ። ስድስት መቅጃ ቀርቷል። ማምረቻውን ለማስነሳት ሲዘጋጅ ተኩሱ ተጀመረ። መብራት ጠፋ። ማምረቻው ብዙ ኃይል የሚበላ ነውና የግቢው ጀነሬተር አይችለውም። ሐፍላ የለም፣ ረክሻ የለም፤ በመንገዱ ላይ ታንክ ብቻ። ግቢው ውስጥ የቀሩት እሱና ከቢር ነበሩ። ከቢር ከዳርፉር የመጣ፣ ስድሳን ያለፈ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው።

«ና ወደ ናይትሮጅን ክፍል እንግባ፤ ግድግዳው ወፍራም ነው» አለ ከቢር ጥይቱ ሲበዛ።

«እዚያ አትግባ። ያ ጭስ አየሩን ይበላዋል። እንቅልፍ ይወስድሃል፤ አትነቃም።»

«ዛሬ ከውጭ ካለው ሞት ይሻላል፤ ቢያንስ ቀዝቃዛ ነው።»

ደረጃ ሥር ተቀመጡ። አንዱ ቀኑን ይጾማል፣ ሌላው ከሥጋና ከወተት ይጾማል። ያላቸው የከቢር ቴምርና ፉል ነበር። «አላህ ሲያስተካክል አየህ? ሁለታችንም የማንበላውን ነው ያጣነው» አለ ከቢር። በፋሲካ ጧት ጋሽ ጀምበሬ ጾሙን በአንድ የሰርዲን ቆርቆሮ ፈታ። ያን ቀን እትዬ ምንዳዬ በስልክ አገኘችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ዶሮዋ ቆማ ታየኛለች።»

«ለጎረቤት ወንድ ስጪና ይረድልሽ።»

«የትኛው ወንድ? ወንድ የተባለ ሁሉ አልጋ ሥር ነው።»

«የጎረቤታችን ልጅስ?»

«እሱማ ደም ሲያይ ያዞረዋል። መጽሐፉን ይዞ ጥግ ተቀምጧል።»

እውነቷን ነው፤ ልጁ እኔ ነኝ። ሴት ዶሮ አታርድምና ዶሮዋ ሳትታረድ ፋሲካው አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ዶክተር ኢሕላስ ደወለች። ከልጆቿ ጋር ወደ መዳኒ ከተማ ልትወጣ መንገድ ላይ ናት። ማሰሮው ውስጥ የሠላሳ ዓመት ብልቃጥ አለ፤ ከሁለት ሺህ በላይ። ከአትባራና ከረሐድ ወንዞች ዳር፣ ከብዙ መንደር የተሰበሰበ። ከመንደሮቹ አንዳንዶቹ ዛሬ የሉም፤ ከሰዎቹም ብዙዎቹ። መድኃኒቱ የማይበግረው በሽታ ከየት እንደመጣ ሊነግሯት የሚችሉት እነዚያ የተኙት ተሐዋስያን ብቻ ናቸው።

«ማሰሮው አደራ፣ ያ ዓም ጀምበሬ።»

«አደራሽን ተቀብያለሁ።»

«ስንት ቀረ?»

«ታንከር ውስጥ ስድስት መቅጃ።»

ዶክተር ኢሕላስ ዝም አለች። ዝምታው ረዥም ስለነበር መስመሩ የተቋረጠ መስሎት «አሎ፣ አሎ» አለ።

«አለሁ። እሺ… አላህ ያግዝህ። መዳኒ ያሉ ከብት አራቢዎች ናይትሮጅን አላቸው፤ ላሞችን ለማዳቀል ይጠቀሙበታል። በመኪና እልክልሃለሁ። መንገድ እንደተከፈተ፣ ኢንሻላህ።»

ስለዚያ ዝምታ ጋሽ ጀምበሬ ብዙ ጊዜ አንስቶ ነበር፤ ከቢር እንደሚለው። «አንድ ነገር ልትለኝ ነበር» ይላል። «ምን?» ሲለው «ብትለኝ ዐውቅ ነበር» ይላል።

ሚያዝያ አሥራ አራት ቅዳሜ ነበር። ተኩሱ ወደ ከተማው መሐል ሲርቅ ጋሽ ጀምበሬ ቁልፉን ከአንገቱ አወጣ። የመጀመሪያውን መቅጃ ወደ ላይኛው ፎቅ ተሸክሞ ለብልቃጦቹ ማሰሮ ጨመረ። ሁለተኛውን ለፊዚክስ መሣሪያ። ሦስተኛውን ይዞ ወደ ዛኪር ክፍል ሲወጣ ከቢርን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘው።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ ዛኪር የለም። የሚለካ ገንቦም የለም። ለማን ነው የምትቀዳው?»

«ለድርሻው።»

«ድርሻ ይጠጣል እንዴ?»

«ሰው ባይኖርም ድርሻ አለ። ነገ ሲመጣ ‹የእኔን የት አደረስከው› ቢለኝ ምን እላለሁ? ኢቃማዬን አንተ ታስመልስልኛለህ?»

«ማን ይመጣል ብለህ?» አለ ከቢር። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረውም። ጋሽ ጀምበሬ ገባና የዛኪርን ባዶ ዕቃ ሞላው። ክፍሉ ውስጥ መደርደሪያው ላይ ደርቀው የተሰነጠቁ ገንቦዎች ተደርድረው ነበር። ፈሳሹ ማንም ሳያየው ጭሶ ጭሶ በአራተኛው ቀን አለቀ።

ሚያዝያ አሥራ ሰባት እትዬ ምንዳዬ ለመጨረሻ ጊዜ ደወለች። ሳጃና በከባድ መሣሪያ ትናጣለች። የእኛ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ድንበሩ ላይ እስካለው ገላባት የሚያደርስ አውቶቡስ አግኝተው ነበር። እኔ ከግድግዳው በስተጀርባ ስለነበርኩ የሷን ቃል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ነገ ጧት ነው። በእግርህም ቢሆን ና።»

መልሱን አልሰማሁትም።

«ሰው ነው ወይስ ማሰሮ ነው የሚያሳዝንህ? … አደራ አትበለኝ! እኔም እኮ አደራ ነኝ። አባቴ ሲድረኝ ምን ብሎ ነው የሰጠህ? … እሺ። እሺ ጀምብዬ። በገዳሪፍ እጠብቅሃለሁ። ዶሮዋን ለጎረቤት እሰጣለሁ።»

ዶሮዋን ለእናቴ ሰጠችና ሄደች። አውቶቡሱ ላይ ስትሳፈር ዞራ እንዳላየች እናቴ ነግራኛለች።

በማግሥቱ የታጠቁ ልጆች ማዕከሉ ግቢ ገቡ። የማዕከሉን መኪና አስነሡ፣ የሁለቱንም ስልክ ወሰዱ፣ የከቢርን ፍራሽ ሳይቀር ጫኑ። አንዱ ላይኛው ፎቅ ወጥቶ የማሰሮውን ክዳን አነሣ። ጭሱ ፊቱ ላይ ወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ መሣሪያውን ደገነ።

«በሽታ ነው» አለ ጋሽ ጀምበሬ። «የሁለት ሺህ ሰው በሽታ። የእኔም አለበት። ከፈለጋችሁ ውሰዱት፤ በእጅ ነው የሚያዘው።»

ልጁ ክዳኑን ለቀቀ። እየተጋፉ ወረዱ። ከቢር ይህን ሲያወራ እስከ ዛሬ እንባው እስኪመጣ ይስቃል። «አንተ ሁለት ነህ፣ አንዱ በርዶታል፣ አንዱ ሞቆታል፤ ዛሬ ያዳነን የበረደው ነው» አልኩት ይላል። ግን ስልኩ በዚያ ቀን ሄደ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ጀምበሬ የሚጠይቀውም የሚነግረውም ሰው አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከታንከሩ ሦስት መቅጃ ወጣ፤ ሦስቱም ከአፋቸው ጎደል ያሉ ነበሩ፤ የሚተነው ተንኗልና። አከፋፈለ። ሙቀቱ ከአርባ አምስት በላይ ነው፤ ክፍሎቹን የሚያቀዘቅዝ የለም። ዘንጉ በየቀኑ አንድ ምልክት ወደ ታች ይናገራል። ሚያዝያ ሃያ ስምንት፣ በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ታንከሩን አዘንብሎ መቅጃው የማይደርስባትን ቅሪት በቆርቆሮ ኩባያ ቀዳ። ዘጠኝ ኩባያ ሞላች። ከቢር አጠገቡ ነበር።

«ሦስት ላይ፣ ሦስት መካከል፣ ሦስት ታች» አለ ጋሽ ጀምበሬ ቀስ ብሎ።

«ዘጠኙን ላይ አድርጋት!»

ጋሽ ጀምበሬ ኩባያውን ይዞ ቆመ። ከቢር እንደሚለው ብዙ ቆመ። ከእጁ ጓንት ላይ ጭሱ ይወርዳል። ከዚያ «ብልቃጥ አርባ አንድ የእኔ ናት» አለ። ሦስት ላይ፣ ሦስት መካከል፣ ሦስት ታች አፈሰሰ።

ማሰሮው የደረቀው በልደታ ቀን፣ ግንቦት አንድ ነው። ዘንጉን አውርዶ፣ ሃያ ቆጥሮ አወጣው። አወዛወዘው። ተነፈሰበት። እንደገና ተነፈሰበት። እንጨቱ ቡናማ እንደሆነ ቀረ። ማታ ላይ ክዳኑን ሲከፍት ጭስ አልወጣም፤ የወጣው የእርጥብ ብረት ሽታ ነው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ማሰሮው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከቢር ውኃ ያመጣለታል፤ ይጠጣል። «ተኛ» ይለዋል፤ «እሺ» ይላል፤ አይተኛም።

ግንቦት ስድስት፣ እሑድ ጧት፣ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ፒክአፕ ነበር። ሹፌሩ ከመዳኒ ሁለት ቀን ሙሉ ኬላ ለኬላ ሲለምን፣ ሲምል፣ ሲከፍል መጥቶ ደረሰ። ከኋላው በላስቲክና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ታንከር አለ። ሞልቷል። ሹፌሩ ስልኩን አውጥቶ ዶክተር ኢሕላስን አገናኘው።

«ያ ዓም ጀምበሬ! በሕይወት አለህ? ማሰሮውስ?»

«ማሰሮው ማክሰኞ ደረቀ፣ ዶክቶራ።»

ከቢር ድምፅዋን ከስልኩ ውጭ ይሰማ ነበር። ሴትዮዋ መጀመሪያ አላመነችም።

«ስድስት መቅጃ አለ ብለኸኝ ነበር እኮ። እኔ ቆጥሬያለሁ። የሚተነውን ሁሉ ቆጥሬያለሁ። ስድስቱ የት ሄደ?»

«አካፈልኩት።»

«ለማን?»

«ለሦስቱም። እንደ ደንቡ።»

መዳኒ ውስጥ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ተሰማ፤ ከዚያ በር ተዘጋ። ዶክተር ኢሕላስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ማንም አልነገረህም? የረሺድ መሣሪያ ቢሞቅ ምንም አይሆንም። ሲያመቻቸው መልሰው ያቀዘቅዙታል። የዛኪርማ… ሰው ከሌለ ባዶ ዕቃ ነው።»

«ምንም አይሆንም?»

«ምንም።»

«ታዲያ ያን ጊዜ፣ በዚያ ስብሰባ ላይ፣ ለምን እንደዚያ ሆኑ?»

«ሥራቸው ይቆማል፣ ጊዜ ይጠፋባቸዋል፤ ለዚያ ነው። የሚሞት ነገር ግን ከእኛ በስተቀር ማንም አልነበረውም።»

«ሦስተኛው ቀን ስትደውዪ ዝም ያልሽው ይሄን ነበር?»

«አዎ።» ማልቀሷን ደብቃ ነበር፤ አሁን አልደበቀችም። «አፈርኩ። ‹የነሱን ድርሻ ለእኔ ስጠኝ› ማለት አፈርኩ። ያን ጊዜ በእኔ ምክንያት የደረሰብህን አስታወስኩ። ራስህ ታደርገዋለህ ብዬ አሰብኩ። ማዕሌሽ፣ ይቅር በለኝ፣ ያ ዓም ጀምበሬ። ማዕሌሽ።»

ጋሽ ጀምበሬ ስልኩን በሁለት እጁ ለሹፌሩ መለሰ፤ ለትልቅ ሰው እንደሚሰጡት።

ሹፌሩ «መዳኒ ላድርስህ» ብሎ ለመነው፤ ከዚያ ገዳሪፍ ሩቅ አይደለም፤ ሚስቱ እዚያ ናት። የእሱ ኢቃማ ግን ሳጃና ቤቱ ውስጥ፣ ሣጥን ሥር ነው። ያለ ኢቃማ በኬላ አያልፍም። ሹፌሩ ሊጠብቅ አልቻለም፤ ታንከሩን እንደሞላ እንዳመጣው እንደሞላ ይዞት ተመለሰ። ጋሽ ጀምበሬ ከመውጣቱ በፊት ብልቃጦቹን በየሣጥናቸው መልሶ፣ ማሰሮውን ከድኖ፣ ሦስቱንም ክፍል ቆለፈ።

«ያንተን ውሰዳት እንጂ» አለው ከቢር። «አርባ አንድን። ኸላስ፣ አለቀ፣ ማን ይጠይቅሃል?»

«የማዕከሉ ናት።»

ሰኞ፣ ግንቦት ሰባት፣ ቀትር ላይ በራችን ተንኳኳ። ግማሹን መንገድ በእግሩ፣ ግማሹን በአህያ ጋሪ መጥቷል። ጺሙ ነጭ ሆኗል፤ ቀድሞ ነጭ አልነበረም። ዘንጉን እንደ ምርኩዝ ይዞት ነበር። እናቴ እጁን ስማ አስገባችው፤ ኒም ዛፉ ጥላ ሥር ያለው የገመድ አልጋ ላይ አስቀመጠችው። ዶሮዋ መጥታ እግሩ ሥር ጫረች። አያት።

«ይቺ አለች?»

«የሚያርዳት ጠፍቶ» አለች እናቴ።

እትዬ ምንዳዬ የተወችውን የቤቱን ቁልፍ ሰጠችው፤ ገብቶ ኢቃማውን ከሣጥኑ ሥር አውጥቶ ደረት ኪሱ ከተተ። ለምሽት ስለሚወጣ መኪና እናቴ ነገረችው፤ «እሺ» አለ። ሻይ ቀረበለት። ሁለት ጊዜ ፉት ብሎ አስቀመጠውና ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ተምረሃል አይደል?»

«አሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ፣ ጋሼ።»

«ስድስት መቅጃ አለ። በሳምንት አንድ ብቻ ቢሄድ ስንት ሳምንት ይሆናል?»

«ስድስት።»

«የሚተነው አለ። በሳምንት ግማሽ መቅጃ ያህል ይተናል።»

ያን ጊዜ ነገሩን ገና አልሰማሁም ነበር፤ ምን እንደሚጠይቀኝ አላወቅሁም። እንደ ትምህርት ቤት ጥያቄ አሰብኩትና ቶሎ መለስኩ።

«አራት ሳምንት፣ ጋሼ።»

«አራት» አለ።

ጣቶቹን አወጣና ቆጠረ። አውራ ጣቱን ይዞ «አሥራ አራት» አለ። ሌባ ጣቱን ይዞ «ሃያ አንድ»። መካከለኛውን «ሃያ ስምንት»። የቀለበት ጣቱን ሲይዝ ድምፅ አላወጣም፤ ከንፈሩ ብቻ «ግንቦት አምስት» ሲል አየሁት። መኪናው የደረሰው ግንቦት ስድስት ነው። ትንሿ ጣቱ ሳትቆጠር ተዘርግታ ቀረች። እሷን ረዘም አድርጎ አያት፤ ከዚያ አጠፋት።

ዘንጉን ከአልጋው እግር ጋር አስጠጋ። ጫማውን አወለቀ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ጋደም አለ። እናቴ ነጠላ ስታለብሰው እንቅልፍ ወስዶት አልነቃም፤ ከልደታ ጀምሮ ዓይኑን አልከደነም ነበር። ሩቅ፣ በሸጀራ ሰፈር በኩል፣ መድፍ ይተኮሳል። ሰዓቴን አየሁት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር።